አርተር አቬኑ፦ ብሮንክስ ውስጥ ያለው የጣሊያኖች የአስቤዛ መንገድ

ኒውዮርክ ሄዶ የጣሊያን ምግብ ያማረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው ማንሃታን ውስጥ ወዳለው መልበሪ ስትሪት ነው። እኔ ግን ወደ ብሮንክስ፣ ወደ አርተር አቬኑ ነው የምልከው። መልበሪ ስትሪት ታሪክ የለውም ማለቴ አይደለም። ከ1926 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በየሴፕቴምበሩ የናፖሊው ቅዱስ የሳን ጄናሮ በዓል የሚከበርበት ሰፈር ነው። ጣሊያኖቹ ግን አብዛኞቹ ከወጡ ቆዩ፣ ቻይናታውን እየሰፋ መጥቶ ሰፈሩን አጠበበው፣ የቀሩት ምግብ ቤቶችም በአመዛኙ የሚኖሩት በቱሪስት ነው።

አርተር አቬኑ ሌላ ነው። እዚያ ዋናው ነገር ሬስቶራንቱ አይደለም። ዳቦ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ፎርማጆ ቤቱ፣ ዓሣ ቤቱ ነው። ሰው አስቤዛ ሊገዛ የሚመጣበት መንገድ ነው። የእናቷን ቤት ዳቦ የምታውቅ ሴትዮ በየሳምንቱ እየመጣች የምትገዛበት ዳቦ ቤት ደግሞ ዳቦው ቢበላሽ ወዲያው ይነገረዋል። ምግቡ እስከ ዛሬ ደረጃውን የጠበቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ለመጎብኘት የምትሄዱ ከሆነ ካሜራ ብቻ ሳይሆን ዘንቢልም ያዙ።

መንገዱ ያለው ቤልሞንት በሚባለው የብሮንክስ ሰፈር ነው። በአንድ በኩል ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በሌላ በኩል የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ሲል ደግሞ የኒውዮርክ የዕፅዋት መናፈሻ። «አርተር አቬኑ» ሲባል አንድ መንገድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሱቆቹ ሁለት መንገድ ላይ ናቸው፤ ራሱ አርተር አቬኑ እና እሱን የሚያቋርጠው 187ኛ ስትሪት። ጥግ ላይ ታጥፎ 187ኛን ሳያይ የሚመለስ ሰው ግማሹን ሳያይ ነው የተመለሰው።

መሬቱ በአንድ ወቅት ሎሪላርድ የሚባሉ የትምባሆ ከበርቴዎች ርስት ነበር። ሱረት ይፈጩበት የነበረው የድንጋይ ሕንፃቸው አሁንም ዕፅዋት መናፈሻው ውስጥ ቆሟል። የመንገዱ ስም የመጣው ከ1881 እስከ 1885 አሜሪካን ከመሩት ከፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር ነው። የቤተሰቡ ወራሽ የነበረችው ካትሪን ሎሪላርድ ዎልፍ ሰውዬውን ታደንቅ ስለነበር ነው በስማቸው ያስጠራችው ይባላል። ጣሊያን የሆነ ነገር ስሙ ውስጥ የለም።

ጣሊያኖቹ የመጡት ለሥራ ነው። ከ1880 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጣሊያኖች ወደ አሜሪካ ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ከደቡብ፣ ከካላብሪያ፣ ከካምፓኒያ፣ ከፑልያ፣ ከሲሲሊ። መሬት አልባ ገበሬዎች ናቸው። ብሮንክስ ደግሞ በዚያ ዘመን በግንባታ ላይ ነበር። በ1891 የተቋቋመው ዕፅዋት መናፈሻ፣ በ1899 የተከፈተው የእንስሳት ማቆያ፣ ጄሮም ፓርክ የሚባለው ትልቁ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ይህ ሁሉ ድንጋይ የሚፈልጥና አፈር የሚዝቅ ሰው ይፈልጋል። እነሱም ሥራው ደጃፍ ላይ ሰፈሩ። ቤተሰብ አመጡ፣ የአገራቸውን ሰው ጠሩ፣ ማዶና ዴል ካርሚኔ የሚሉት የእመቤታችን ደብር በ1906 ተመሠረተ። ቤተክርስቲያኑ እስከ ዛሬ 187ኛ ስትሪት ላይ ነው፤ በዓሉ ጁላይ 16 ይውላል፣ የቅዱስ አንቶኒዮስ ደግሞ ጁን 13።

እኛ የጣሊያንን ምግብ ያወቅነው በሌላ መንገድ ነው። ፓስታው፣ ስጎው፣ ላዛኛው፣ ፉርኖው ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የገባው ከወረራው ዘመንና ኤርትራን ከያዘው ቅኝ ግዛት ጋር ተያይዞ ነው። ወደ አርተር አቬኑ ደግሞ የመጣው በድሃ ስደተኛ ሻንጣ ነው። ይህን አስቦ መሄድ ጥሩ ነው። እነዚህ ሰዎች በመጡበት ጊዜ የሚናቁ፣ አፈር ለመቆፈር ብቻ የሚፈለጉ ነበሩ፤ ምግባቸውም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ተብሎ ይሰደብ ነበር። አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ሱቅ ያለው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው ነጋዴ አትክልቱን፣ ዓሣውን፣ ፎርማጆውን በእጅ ጋሪ እየገፋ መንገድ ዳር ይሸጥ ነበር። ጋሪዎቹ መንገዱን ሞልተው ሰው አያሳልፉም፣ ክረምት ላይ ነጋዴው በብርድ ይቆማል፣ የከተማው አስተዳደር ስለ ንጽሕናው ያማርራል። በ1930ዎቹ ከንቲባ የነበሩት ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ራሳቸው የጣሊያን ስደተኛ ልጅ ናቸው፤ ጋሪ ግን አይወዱም። በየሰፈሩ ጣሪያ ያለው የገበያ አዳራሽ እያሠሩ ነጋዴውን ወደ ውስጥ አስገቡት። በምሥራቅ ሃርለም ፓርክ አቬኑ ላይ በ1936፣ ኤሴክስ ስትሪት ላይ በ1940፣ አርተር አቬኑ ላይም እንዲሁ በ1940። የጎዳና ነጋዴን ማንሳት ምን ያህል አጨቃጫቂ እንደሆነ ከአገር ቤት የምናውቀው ነው። እዚህ ቢያንስ የተነሱት የሚገቡበት ቦታ ተሠርቶላቸው ነበር፣ አዳራሹም ያው 80 ዓመት አልፎት እየሠራ ነው፣ ንብረትነቱም የከተማው ነው።

አዳራሹ ከውጭ ሲታይ ብዙም አያስደንቅም። ገባ ስትሉ ግን ሲጋር (ወፍራሙን የትምባሆ ጥቅል) የሚጠቀልሉ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ የትምባሆውን ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በእጅ ነው የሚጠቀልሉት፣ ቆሞ ማየት ይቻላል። ከዚያ አትክልቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የወይራ ፍሬው በየባልዲው፣ የሚሰቀለው ቋሊማ። ውስጡ ቢራ ቤትም አለ፤ በ2013 የተከፈተ ስለሆነ ለዚህ መንገድ ገና ልጅ ነው። ሳንድዊች ከፈለጋችሁ ከዴሊው (ሳንድዊች ከሚሠራው ሱቅ) አሠርታችሁ ቢራ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መብላት ትችላላችሁ። አንዱ ሳንድዊች ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ሁለት አትዘዙ።

አንድ ነገር ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ግን ሞዛሬላ ሲሠራ ይይ። ወተቱ ቀድሞ ረግቶ የመጣ ነው፤ ጠንከር ያለ ነጭ ነገር። ሠራተኛው ይህን በስሱ ይከትፈውና ሰፊ ገንዳ ውስጥ ከትቶ የፈላ ውኃ ያፈስበታል። በመጀመሪያ ይበታተናል። ቀስ ብሎ ሲያማስለው እርስ በርሱ መያያዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ከውኃው እያወጣ ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። እጁ ቀልቷል፤ ውኃው ያቃጥላል። ሊጡ ሲያብረቀርቅና ገመድ ሆኖ ሳይበጠስ ሲሳብ በጣቶቹ መሀል ጨምቆ እየቆረጠ ጨው ያለበት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል። ይኸው ነው። ገና ሞቅ እንዳለ ሲቆረጥ ወተት ያፈልቃል። በዚያው ቀን መበላት አለበት፣ ፍሪጅ ከገባ ይደርቅና ጎማ ይሆናል። 187ኛ ስትሪት ላይ ያለው ካዛ ዴላ ሞዛሬላ ስሙ እንደሚለው ዋና ሥራው ይኼ ነው። በላስቲክ ታሽጎ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቀምሶ ዝም ይላል።

ዳቦ ቤቶቹ ጥቂት አይደሉም፣ ሁሉም የየራሱ ሰው አለው። ማዶኒያ ከ1918 ጀምሮ አለ። የወይራ ፍሬ ያለበት ዳቦው ይታወቃል፣ ካኖሊም አለው። ካኖሊ ማለት ተጠቅልሎ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ውስጥ በስኳር የተመታ ሪኮታ ፎርማጆ የሚሞላበት ጣፋጭ ነው። እዚህ አስቀድመው አይሞሉትም። ስታዝዙ ነው የሚሞሉላችሁ፣ ምክንያቱም ተሞልቶ ከቆየ ቅርፊቱ ይርሳል። ሌላ ቦታ መስታወት ውስጥ ተሞልቶ ተደርድሮ ካያችሁ እለፉት።

ቦርጋቲ የሚባለው ፓስታ ቤት በ1935 ነው የተከፈተው፣ ከቤተክርስቲያኑ ፊት ለፊት። ጠባብ ሱቅ ነው። ሊጡ በእንቁላል ተለውሶ በስሱ ተዳምጦ ይቀመጣል፣ እናንተ ምን ያህል ስፋት እንደምትፈልጉ ትናገራላችሁ፣ እዚያው ይቆረጥላችኋል። ለሾርባ ከሆነ ቀጭን፣ ለወፍራም ስጎ ከሆነ ሰፊ። ራቪዮሊም አለ። ቤት ወስዳችሁ ጨው ባለው የፈላ ውኃ ውስጥ ትንሽ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እንደ ደረቅ ፓስታ ከቀቀላችሁት ይላሽቃል።

በጣም የምወደው ታሪክ ግን የቴይቴል ወንድማማቾች ሱቅ ነው። በ1915 የተከፈተ የደረቅ ሸቀጥ መደብር ነው፤ የወይራ ዘይት፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ፎርማጆ፣ ደረቅ ፓስታ፣ የተዘፈዘፈ ባቄላ፣ በጨው የደረቀ ዓሣ። መንገዱ ላይ ካሉት ጥንታዊ የጣሊያን ሸቀጥ ቤቶች አንዱ ነው፣ የከፈቱት ሰዎች ግን ጣሊያን አይደሉም። ከኦስትሪያ የመጡ አይሁዶች ናቸው። በ1930ዎቹ የአይሁድ ጥላቻ በየቦታው ሲያይል መግቢያቸው ላይ ያለውን ወለል ሲያሠሩ የዳዊትን ኮከብ በሞዛይክ አስቀረጹበት፤ የሚገባው ሁሉ ማን ጋ እንደሚገዛ ይወቅ ብለው። ደንበኛውም እየረገጠ ገባ፣ መግዛቱን ቀጠለ። ስትገቡ ዝቅ ብላችሁ እዩት።

ዓሣ ቤቶቹ ሥራቸውን ወደ መንገዱ ያወጣሉ። ኮዜንዛ (ይሄም የ1918 ነው) እና ራንዳዞ የሚባሉት በረዶ ላይ የተደረደረ ዛጎል ያለው የባሕር ምግብ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ እዚያው በቢላ ከፍተው፣ ሎሚ ጨምቀው ይሰጣሉ። ሰው ቆሞ ይበላና ዘንቢሉን ይዞ ይሄዳል። የገና ዋዜማ ደግሞ እነዚህ ዓሣ ቤቶች መቆሚያ የላቸውም። ደቡብ ጣሊያኖች በዋዜማው ሥጋ አይበሉም፣ በልማዳቸው ጾም ነው። አሜሪካ የገቡት ቤተሰቦች ይህን ሌሊት የዓሣ ድግስ አደረጉት፣ «ሰባቱ ዓሦች» ይሉታል። በጨው የደረቀው፣ ባካላ የሚሉት ዓሣ ለቀናት ውኃው እየተቀየረ ይዘፈዘፋል፣ ካላማሪው ይጠበሳል፣ ፓስታው በዛጎል ይሠራል።

ስለ ምግቡ ራሱ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ የምታገኙት የጣሊያን ምግብ ሮም ወይም ሚላኖ ከምታገኙት ጋር አንድ አይደለም። ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ድሃ ቤት ሥጋ በበዓል ብቻ ነበር። አሜሪካ ሲመጡ ሥጋው ረከሰላቸው። ስለዚህ የሥጋ ኳሱ ተለቀ፣ ፓስታው ላይ ወጣ፣ በባድንጃን ይሠራ የነበረው ፓርሚጃና (በስጎና በፎርማጆ የሚጋገረው) በዶሮና በጥጃ ሥጋ ተሠራ። እሑድ እሑድ ቋሊማ፣ አጥንትና የሥጋ ኳስ አንድ ላይ ሆነው በቲማቲም ከጠዋት እስከ ቀትር የሚንተከተክ ስጎ መጣ። አንዳንዱ የምግብ ሊቅ ነኝ ባይ ይህን «እውነተኛ ጣሊያን አይደለም» ብሎ ያጣጥለዋል። አልስማማም። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ልጁን ያሳደገበት ምግብ እውነተኛ ካልሆነ ምን እውነተኛ ይሆናል? የተወለደበት ቦታ ብሮንክስ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን ለእኛ ሰው በጣም አስፈላጊ ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። ይህ መንገድ የአሳማ ሥጋ መንገድ ነው። ካላብሪያ ፖርክ ስቶር የሚባለው ሱቅ ውስጥ ቀና ብትሉ ጣሪያው አይታይም፤ ሶፕሬሳታ የሚባለው የደረቀ ቋሊማ እንደ መጋረጃ ተሰቅሎ ሸፍኖታል። ፕሮሹቶ፣ ካፒኮላ፣ ፓንቼታ፣ ሞርታዴላ፣ ሁሉም አሳማ ነው። ይህ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው የሚደበቀው ነው። የሥጋ ኳሱ ብዙ ጊዜ የበሬ፣ የጥጃና የአሳማ ቅልቅል ነው። የእሑዱ ስጎ ቋሊማ ተቀቅሎበታል። ዳቦ ውስጥ ፕሮሹቶ የሚጋገርበት ዓይነት አለ፣ ከተራው ዳቦ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። የካኖሊው ቅርፊትና ስፎሊያቴላ የሚባለው ኬክ በጥንቱ አሠራር የአሳማ ስብ አለበት። ስለዚህ ጠይቁ። አትፈሩ፣ ሻጮቹ ጥያቄ የለመዱ ናቸው፣ ምን ውስጡ እንዳለ ያውቁታል፣ ይነግሯችኋል። ለሙስሊም አንባቢ ደግሞ ስጎውና ዓሣው ውስጥ ወይን ጠጅ መግባቱን መጠየቅ አይረሳ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይህ ሰፈር ከምታስቡት በላይ ያበላችኋል። ተራው የጣሊያን ዳቦ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ነው። ደረቅ ፓስታ እንቁላል የለውም (የቦርጋቲው ግን አለው፣ ተጠንቀቁ)። የደቡብ ድሃ ምግብ በአብዛኛው የጾም ምግብ ነው፤ ፓስታ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት፣ ፓስታ በሽምብራ፣ ፓስታ በባቄላ፣ መራራው ጎመናቸው በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ተቆልቶ፣ ስካሮል የሚሉት ቅጠል ከነጭ ባቄላ ጋር። ፎርማጆ እንዳይነሰነስበት አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አለበለዚያ ሳትጠየቁ ያለብሱታል።

ሬስቶራንት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ዶሚኒክስ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ የተጻፈ ሜኑ የለውም። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ፣ አስተናጋጁ ያለውን በቃል ይነግራችኋል፣ ምግቡ በትልቅ ሳህን መሀል ይቀርብና ትካፈላላችሁ። አብሮ መብላት ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ዋጋ ግን ሳታዝዙ ጠይቁ። ማርዮስ ከ1919 ጀምሮ አለ። ዜሮ ኦቶ ኖቬ የሚባለው አዲስ ነው፣ ስሙ የሳሌርኖ ከተማ የስልክ ኮድ ነው፣ ፒዛው በእንጨት ምድጃ ይጋገራል።

ዛሬ እዚህ የሚኖረው ሰው ማነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በአብዛኛው ጣሊያን አይደለም። የጣሊያኖቹ ልጆች ወደ ዌስትቸስተር፣ ሎንግ አይላንድና ኒው ጀርሲ ወጥተዋል፤ ለበዓል አስቤዛ ነው የሚመለሱት። በእነሱ ቦታ የገቡት አልባኒያውያን ናቸው፣ ከኮሶቮ፣ ከሞንቴኔግሮና ከራሷ ከአልባኒያ። አንዳንዶቹ በጣሊያን በኩል አድርገው የመጡ፣ ቋንቋውንም ምግቡንም የሚያውቁ ነበሩ፤ ምግብ ቤቶቹ ውስጥ ሠርተው በኋላ ራሳቸው ገዟቸው። የጣሊያን ስም ያለው ምግብ ቤት ገብታችሁ ባለቤቱ በአልባኒያ ቋንቋ ስልክ ሲያወራ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ቡሬክ የሚባለውን በቅጠል በቅጠሉ የተነባበረ ቀጭን ሊጥ፣ ፎርማጆ፣ ስፒናች ወይም ሥጋ ያለበት፣ የሚሸጡ ቤቶችም አሉ። ሥጋው የበሬ መሆኑን ጠይቃችሁ አንድ ቁራጭ ግዙ፣ ትኩስ ሲሆን ነው የሚጥመው። የሜክሲኮ ሰዎችም በርከት ብለው ይኖራሉ፣ ብዙዎቹ ወጥ ቤትና ዳቦ ቤት ውስጥ እጃቸው አለበት። ሞዛሬላውን የሚስበው ወጣት ስፓኒሽ ቢናገር ሞዛሬላው አይለወጥም። ይህ መንገድ የሞተው ጣሊያኖቹ ሲወጡ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ሙያውን የሚረከብ ሌላ ስደተኛ ስላገኘ ነው የተረፈው እላለሁ።

ለመሄድ የሚሻለው ቀን ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። እሑድ ብዙ ሱቅ ይዘጋል ወይም በጊዜ ይዘጋል፣ ሬስቶራንት ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ ችግር የለውም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይጨናነቃል ግን ሁሉም ነገር ትኩስ ነው። የገናና የፋሲካ ሰሞን ሰልፉ በር ላይ ይወጣል፣ ፋሲካ ሲደርስ የበግ ሥጋውና በስንዴና በሪኮታ የሚሠራው ፓስቲዬራ የሚባል ኬክ ይመጣል። ማርች 19 የቅዱስ ዮሴፍ ቀን ነው፣ ዜፖሌ የሚባለው በክሬም የተሞላ ጣፋጭ በየኬክ ቤቱ ይደረደራል። ሴፕቴምበር ላይ ፌራጎስቶ ብለው መንገዱን ዘግተው ይደግሳሉ። ጣሊያን ውስጥ በዓሉ ኦገስት 15 ነው፣ እዚህ ግን ሰው ከእረፍት ከተመለሰ በኋላ እንዲሆን ነው የተደረገው።

ከማንሃታን ቀላሉ መንገድ ከግራንድ ሴንትራል ሜትሮ ኖርዝ ባቡር ይዞ ፎርድሃም መውረድ ነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በሰብዌይ ከሆነ ዲ ባቡር እስከ ፎርድሃም ሮድ፣ ከዚያ ቢ ኤክስ 12 አውቶቡስ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ጠዋት የእንስሳት ማቆያውን አይታችሁ በሳውዘርን ቡልቫርድ በኩል ባለው በር ብትወጡ ቤልሞንት እዚያው ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ካርድ የማይወስድ አይጠፋም። ዳቦውን መጀመሪያ ግዙ፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሞዛሬላውን መጨረሻ ላይ ግዙ፣ ቤት እስክትደርሱ እንዳይቆይ።